ቀኖና የሠራችሁ፣ ቀኖና ተቀበሉ

እናንተ ሳይበርፓንክ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ዘርፍ ታሪክ የምትጽፉ፣ የምታስተምሩ፣ መድበል የምታሰናዱ፣ ስሙ! አባቱ ዊሊያም ጊብሰን ነው፣ የተወለደውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 «ኒውሮማንሰር» በተባለው ልብ ወለዱ ነው ስትሉ ኖራችኋል። ልጅ ያለ እናት አይወለድም። እናቱን የት ጣላችኋት?

በደፈናው «በድለናል» ማለት ኑዛዜ አይሆንም፤ ኃጢአት በስሙ ይጠራል። ጆአና ረስ በ1975 ባሳተመችው «ዘ ፊሜል ማን» ውስጥ ጄል የምትባል ነፍሰ ገዳይ አለች፤ ከጣቶቿ ጫፍ የተደበቁ ጥፍሮች ታወጣለች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ«ኒውሮማንሰር» የጊብሰን ሞሊ ከጥፍሮቿ ሥር ምላጭ እየመዘዘች ስትመጣ፣ እንዲህ ያለች ሴት ከዚህ በፊት ያልነበረች ይመስል አጨበጨባችሁ። ዝምድናቸውን አደባባይ ያወጣው ደራሲው ሳሙኤል ዲሌኒ ነው፤ ሰምታችሁ አለፋችሁት። በ1986 የእንቅስቃሴው መድበል «ሚረርሼድስ» ሲወጣ ከ11 ደራስያኑ ሴቷ ፓት ካዲጋን ብቻ ነበረች።

አሊስ ሼልደንንስ? ጄምስ ቲፕትሪ በሚል የወንድ ስም በ1973 ያወጣችው ታሪክ የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬ አለው። ማስታወቂያ በተከለከለበት ዓለም ውስጥ፣ መልኳ የተበላሸ የ17 ዓመት ልጅ፣ ፒ. በርክ፣ ከምድር በታች በሣጥን ተዘግታ፣ በሽቦ ታስራ፣ ዴልፊ የምትባል ውብ ገላ ከሩቅ ታንቀሳቅሳለች። ዴልፊ ፈገግ ትላለች፣ ኩባንያው ዕቃውን ይሸጣል፣ በርክ ታልቃለች። ከ11 ዓመት በኋላ የመጣው የ«ኒውሮማንሰር» ዋና ባለታሪክ ኬዝ ግን ሥጋውን ይንቃል፤ ወደ ኮምፒውተር መረቡ ገብቶ ከገላው መገላገል ይመኛል። ሥጋን መናቅ የሚቻለው ሥጋው ለገበያ ቀርቦበት ለማያውቅ ሰው ነው። ሴቶቹ ይህን ያውቁ ነበር። ካዲጋን በ1991 በ«ሲነርስ» ገላውን ጥሎ ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ማርክንና በሥጋዋ የምትጸናውን ጂናን ፊት ለፊት ስታቆም ክርክሩን ወደ ልቡ መለሰችው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ የእኔም እጅ ንጹሕ አይደለምና። በ«ኒውሮማንሰር» ውስጥ በሕዋ ላይ የተሠራ የራስታዎች መንደር አለ፤ ስሙ ጽዮን ነው። ራስታ የሚለው ስም ከእኛው ከራስ ተፈሪ የወጣ ስለሆነ፣ «እኛም አለንበት» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ደስታ ዛሬ ያሳፍረኛል። የመንደሩ ሰው ሜልከም «ማርከስ ጋርቪ» በተባለች መርከቡ ኬዝን ያደርሳል፣ ይረዳል፤ የሜልከምን ታሪክ የሚጠይቅ ግን የለም። ጥቁር ሰው በታሪኩ ውስጥ መታየቱን፣ ጥቁር ሰው ታሪኩን ከመናገሩ ጋር አምታታሁት። የሃርለሙ ልጅ ዲሌኒ፣ ጥቁርና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ፣ ሰዎች በአካላቸው በተተከለ መሰኪያ ከማሽን ጋር የሚገናኙበትን «ኖቫ»ን ያሳተመው በ1968 ነበር። ናሎ ሆፕኪንሰን በ2000 ባወጣችው «ሚድናይት ሮበር» ካሪቢያኖች ራሳቸው የሰፈሩበትን ፕላኔት በራሳቸው አንደበት ተረከች፤ ሁሉን የሚያየውንም ማሽን ግራኒ ናኒ አለችው፣ በጃማይካዋ የነጻነት ታጋይ ስም።

ሜሊሳ ስኮትንም አልረሳሁም። በ1994 በ«ትራብል ኤንድ ኸር ፍሬንድስ» ሴትን የሚያፈቅሩ ሴቶች የመረብ ሰባሪዎች ሆነው መጡ። መረቡን በሙሉ ስሜት እንዲያገኙት የሚያደርገውን አደገኛ መሣሪያ በአንጎላቸው ያስተክላሉ፤ የተከበሩት ሰባሪዎች ግን ይንቋቸዋል። ቀድሞውኑ ከደጅ የቆመ ሰው ምን እንደሚደፍር ከዚህ በላይ የገባው መጽሐፍ አላነበብኩም። እናንተ ደግሞ «የልዩ ወገን ንባብ» ብላችሁ ከዋናው መደርደሪያ አወረዳችሁት!

ተመለሱ። «ቀኖና» ብላችሁ የማይነካ ዝርዝር ሠርታችኋል፤ በእኛ ዘንድ ግን ቀኖና ንስሐ የገባ ሰው ከነፍስ አባቱ የሚቀበለው ሸክም ነው፣ የሰው ገንዘብ የወሰደም ሳይመልስ አይፈታም። መልሱ። የእናቶቹን ስም በኅዳግ ሳይሆን በመጀመሪያው ምዕራፍ ጻፉ። «ሴት ጨምረናል» ለማለት ብቻ በመጨረሻው ሳምንት የምትጎትቷትን አንዲት ደራሲ ተዉአት። ለተማሪዎቻችሁ የመጀመሪያውን ቀን ንባብ ስትሰጡ ከምድር በታች፣ ከፒ. በርክ ሣጥን ጀምሩ። ኬዝ ተራውን ይጠብቅ።