ካሣ ዕዳን ሁሉ ይከፍላልን?

ከአዳማ ተነሥቶ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ በዴራና በኢተያ አድርጎ ወደ አሰላ የሚወጣው፣ ከዚያም በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ለአርሲ ደጋ ሕዝብ የኑሮው መተላለፊያ ነው። ገብሱና ስንዴው የሚወርደው፣ ማዳበሪያው የሚወጣው በዚሁ ነው። በመከር ወራት ኮምባይነር ሳይቀር ከጋሪውና ከባጃጁ ጋር እየተጋፋ ይሄድበታል። የጭላሎ ግርጌ በክረምት ጭጋግ በተሸፈነ ጊዜ ደግሞ የገጠሩ ጥርጊያ ከአውራው መንገድ የሚገናኝበትን ስፍራ ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

እንግዲህ ገብስ የጫነ አይሱዙ ከበቆጂ በኩል ሲመጣ፣ ሌላ መኪና ከጥርጊያው ብቅ ብሎ በመስቀለኛው ላይ ተጋጩ እንበል። የአይሱዙው ነጂ እግሩ ተሰበረ። እያንዳንዳቸው ቅድሚያው የእኔ ነበር ይላሉ፤ ያየ ምስክር ግን የለም። በደለኛው ማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መልስ አለው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በአንቀጽ 2084 ደግሞ ሁለት ተሽከርካሪዎች በተጋጩ ጊዜ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ይገመታል፤ የእያንዳንዱም ባለቤት ከጠቅላላው ጉዳት ግማሹን ይሸከማል። አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ነጂ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይህ ደንብ አይሠራም።

ይህን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል። ንጹሑስ ስለ ምን ግማሹን ይከፍላል? ነገር ግን ዳኛ ልብና ኩላሊትን አይመረምርም። ማስረጃ በጠፋበት ጊዜ ሕጉ ዝም ቢል ኪሣራው ሁሉ የሚወድቀው በተሰበረው እግር ላይ ነው። ስለዚህ ሕጉ የሚያካፍለው ሸክሙን እንጂ ኃጢአቱን አይደለም። ግማሹን የከፈለ ንጹሕ ሰው ስሙ አይጐድፍም፤ ግማሹን የከፈለ ጥፋተኛም በመክፈሉ ብቻ አይነጻም። እኛ የምንፈራው ብዙ ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ነገር መርሳታቸውን ነው።

የቆሰለው ነጂ ወዴት ይሂድ? በ2000 ዓ.ም. የወጣው፣ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የተተካው ሕግ ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው አስገድዷል። ነጂው ለሚነዳው መኪና ሦስተኛ ወገን አይደለም፤ ለገጨው መኪና ግን ነው፤ ስለዚህ የዚያን መድን ሰጪ ይጠይቃል። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ለአካል ጉዳት የተወሰነው እስከ 40,000 ብር ነበር፤ የብር ዋጋ ሲወርድ እንዲህ ያለው ወሰን አብሮ መከለስ እንዳለበት ማንም ይረዳዋል። ከወሰኑ የሚተርፈውን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከባለቤቱ ይጠይቃል፤ ክሱንም ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ገጪው አምልጦ ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው እንደ ሆነ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ተቀጣሪ ከሆነ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ አሠሪው ባያጠፋም እንኳ፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ብዙ ሾፌር ይህን የመጨረሻውን ሳያውቅ ይቀራል።

መድን ለእኛ አገር እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ዕድርም የቆመው በዚሁ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ጉማ የሚባለው የደም ካሣ ሲከፈል የበዳዩ ጎሳ በሙሉ ያዋጣል፤ አንድ ሰው ብቻውን አይቆምበትም። ይሁን እንጂ በጉማና በመድን መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በጉማ ከብቱ ከመነዳቱ በፊት ሽማግሌ ይላካል፤ የበዳይ ወገን ቀርቦ ጥፋቱን ያምናል፤ ዕርቅ ይለምናል። በመድን ግን ገንዘቡ በጽሕፈት ቤት በኩል ያልፋል፤ ከፋዩና ተቀባዩ ሳይተያዩ ጉዳዩ ይዘጋል። «መድን አለኝ» የሚለው ቃል ባለ መኪናውን ከቁስለኛው አልጋ የሚያርቅ ሰበብ ይሆናል። ቃሉ የመዳን ዘር ሆኖ ሳለ ለዚህ መዋሉ ያሳዝናል።

እርግጥ ነው፣ በመድን ውል ውስጥ ባለ መድኑ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ኃላፊነትን እንዳያምን፣ ካሣም እንዳይዋዋል የሚከለክል ቃል ብዙ ጊዜ ይገኛል። ድርጅቱም ይህን ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በድንጋጤ የተነገረ ቃል የሌላውን ገንዘብ ሊያስከፍል ይችላልና። ነገር ግን ቁስለኛን መጠየቅ ኃላፊነትን ማመን አይደለም። በወደቀበት ስፍራ ደሙን ማቆም፣ ወደ ሐኪም ማድረስ፣ በማግሥቱ እንጀራና ወተት ይዞ ሆስፒታል መሄድ፣ የቤተ ሰቡን ጭንቀት መስማት፣ የመድኑን ወረቀት ቁጥር ሳይሸሽጉ መስጠት በየትኛውም ውል አልተከለከለም። ግማሹ ጥፋት የእርሱ ይሁን አይሁን ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ ባለ መኪናው ይህን ሁሉ ማድረግ ይችላል፤ «እግዜር ይማርህ» ለማለትም የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።