አሻራ አደራ ነው

ውድ እህቶቼ፣ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ሰው ተገዶ የሰጠውን ነገር «አምኜ ሰጠሁ» ሊል ይችላል?

ጥያቄዬ አውሮፓ ስለሚሰበሰበው የጣት አሻራ ነው። ብዙዎቻችን በሊቢያ አድርጎ እዚያ የገባ ወንድም ወይም የሰፈር ልጅ አለን። ስልክ ሲደወልለት ከ«ደህና ገባህ?» ቀጥሎ የሚጠየቀው «አሻራ ሰጠህ ወይ?» ነው።

ለምን መሰላችሁ? የአውሮፓ ኅብረት «ዩሮዳክ» የሚባል የአሻራ መዝገብ እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ሥራ አስጀመረ። ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ጥገኝነት ጠያቂ ሁሉ የአሥር ጣቱን አሻራ እንዲሰጥ ታዘዘ። ጣልያን አሻራ የሰጠ ልጅ ስዊድን ሄዶ ጥገኝነት ቢጠይቅ ኮምፒዩተሩ ያወጣዋል። «ደብሊን» በተባለው ሕግም ወደ ጣልያን የተመለሰው ብዙ ነው። ይህን ፈርተው የጣታቸውን ጫፍ በእሳት ያቃጠሉ ስደተኞች አሉ።

የአውሮፓ ባለሥልጣናት አገሮቹ እንዲተባበሩ፣ ሕዝቡም ቴክኖሎጂውን እንዲያምን ይፈልጋሉ። ጥቅም የለውም አልልም። በሰው ስም የሚጓዝ ይያዝበታል። ፓስፖርት አሠሪ ጋር ይቀራል፣ ጣት ግን ከባለቤቱ አይለይም። ወረቀት ለሌላት ሴት ማንነቷን የሚመሰክርላት አሻራዋ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቤት ቁልፍ ቢጠፋ ይቀየራል፣ ጣት አይቀየርም። ስለዚህ አሻራ አደራ ነው እላለሁ።

በእኛ አገር «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። አደራ ለተባለለት ነገር ብቻ ይውላል፣ ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል፣ ጠፋ ሲባልም ተጠያቂ አለው። መታመን ያለበትም ተቀባዩ ነው። ይህን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ማዳም ቤቷንና ልጇን ስትሰጠን ቦርሳችን ይፈተሻል፣ ወርቁ ይቆጠራል። እስክንታመን ስንት ጊዜ ይፈጃል! «መጀመሪያ ማዳም ትመናችሁ» ያለ ሰው ግን የለም። ታዲያ ለሠራተኛ የሆነው ሕግ ለመንግሥትስ ለምን አይሆንም?

ዩሮዳክ ሲጀመር ለጥገኝነት ጉዳይ ብቻ ተባለ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ፖሊስም ለከባድ ወንጀል ምርመራ እንዲፈልግበት ተፈቀደ። በ2024 የወጣው ሕግ ደግሞ ዕድሜውን ወደ 6 ዓመት አወረደው፣ የፊት ፎቶም ጨመረበት። ለአንድ ነገር የተሰጠ ለሌላ ሲውል አደራው ላላ ማለት ነው።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» የምትል እህት ትኖራለች። እንግሊዝ አገር አንድ የ11 ዓመት ልጅ በዝርፊያ ሙከራ ተጠርጥሮ ታሰረ፣ ፍርድ ቤትም ነጻ አወጣው። ፖሊስ ግን አሻራውን አልደመስስም አለ። ነገሩ ስትራስቡርግ ላለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ። በታኅሣሥ 2008 አሥራ ሰባቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ የልጁ መብት ተጥሷል ብለው ፈረዱ። አያችሁ፣ እምነት የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ኃይለኛው ሲያጠፋ የሚጠይቀው ሲገኝ። በስብከት ብቻ አይመጣም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ተገዶ የሰጠ ሰው «አምኜ ሰጠሁ» ሊል አይችልም። ተቀባዩ አደራውን ከጠበቀለት ግን ቀስ በቀስ ሊያምን ይችላል። እምነት የሰጪው ግዴታ አይደለም፣ የተቀባዩ ሥራ ነው።

አውሮፓ ላለው ወገናችሁ ስትደውሉ ይህን ንገሩልኝ። አሻራ የሚወስደው ባለሥልጣን ለምን እንደሚወስደውና ማን እንደሚያየው በሚገባው ቋንቋ እንዲነግረው የዩሮዳክ ሕጉ ራሱ ያዛል። ለምን? እስከ መቼ? ማን ያየዋል? ብሎ መጠየቅ ጥጋብ አይደለም። አደራ የሰጠ ሰው ይጠይቃል።

በሉ ቸር ሰንብቱ።