ምስክርና ዋስ

በአገራችን የሙግት ልማድ ምስክርና ዋስ የሚጠየቁት ለየቅል ነው። ምስክር ያየውን ተናግሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገ ለሚሆነው ተጠያቂ አይደለም። ዋስ ግን ገና ላልመጣው ነገር ራሱን ያስይዛል፤ ሰውየው ቢጠፋ ዕዳው በእሱ ላይ ይወድቃል። ያረጀ ሞተርሳይክል የሚገዛ ሰው ከሻጩ እጅ የምርመራ ወረቀት ሲቀበል የሚያጋጥመው ችግር እዚህ ላይ ነው። የተሰጠው ምስክር ነው፤ በልቡ የሚይዘው ግን እንደ ዋስ ነው።

ወረቀቱ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ደህና መርማሪ መብራቱንና ፍሬቻውን፣ የጎማውን ጥርስ፣ የመሪውን ልቅነት፣ የካቴናውን ውጥረት ያያል፤ የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መስማማቱንም ያመሳክራል። ነገር ግን ምስክር ከቆመበት የማይታየውን እንዲናገር አይጠበቅም። በእንግሊዝ በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራ የሞተሩን፣ የፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ሁኔታ እንደማይመለከት መንግሥት ራሱ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ «ምርመራ አልፏል» የሚለው ቃል «ሞተሩ ደህና ነው» ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ለተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ጅቡቲ ከተማ ይህን ልዩነት ታሰፋዋለች። ከተማዋ በሦስት ጎን ባሕር የከበባት ናት፤ በበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለው አየር ብረትን የሚበላው ከቀለሙ ሥር፣ ከብየዳው ስፌት፣ ከኩሽኔታው ውስጥ ጀምሮ ነው። ጎማም እንዲሁ ነው፤ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ በፀሐይ ሊደርቅ ይችላል። ጥርስ ብቻ የሚለካ መርማሪ ያሳልፈዋል፤ በጎማው ጎን የታተሙትን አራት አኃዞች የሚያነብ ግን ዕድሜውን ያውቃል። 2315 ማለት እ.ኤ.አ. በ2015 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ «ዶት 4» ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ መስፈርቱ ያዛል፤ ከ4 በመቶ ያነሰ ውኃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት ወለል ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ባልጋለበት የምርመራ ግቢ ውስጥ የዲስክ ፍሬን ሲጨበጥ ጠንካራ ነው፤ መርማሪው የመሰከረው እውነት ነው። ያው ሞተርሳይክል ሰው ጭኖ ከአርታ ከፍታ ወደ ከተማዋ ሲወርድና ፍሬኑ ደጋግሞ ሲያዝ ዘይቱ ቢፈላ ግን እጀታው ባዶ ሆኖ ወደ መሪው ይጠጋል። ወረቀቱ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ሌላ ነገር ነበር።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ከተማዋን አጥለቅልቆ ነበር። በጎርፍ ውስጥ የቆየ ሞተርሳይክል ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ ለገበያ ሲቀርብ ከውጭ ምንም ላይታይበት ይችላል፤ ጭቃውና ዝገቱ ያሉት ኩሽኔታው ውስጥ ነው። በዚህ ላይ የሻጭ ብልሃት አለ፤ ለምርመራው ቀን ብቻ የተዋሰ ጎማ፣ ለምርመራው ቀን ብቻ የጠበቀ ካቴና። ቀኑ የታወቀ ፈተና የሚለካው ዝግጅትን ነው፤ የዓመቱን ልማድ አይደለም።

እንግዲህ ምርመራው ምን ይረባል? ይህን ጥያቄ በዓለም ላይ አጥብቀው ያነሡት ራሳቸው ሞተረኞቹ ናቸው። በፈረንሳይ ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሞተርሳይክል እንዲመረመር የወጣው ድንጋጌ ታገደ፣ ኋላም በመንግሥት ተሻረ፣ በጥቅምት 2022 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሽረቱን ሰረዘው፣ ምርመራው የተጀመረውም ሚያዝያ 15 ቀን 2024 ነው። ተቃዋሚዎቹ አደጋ በማሽን ብልሽት የሚመጣው እምብዛም ነው ይላሉ። ለዚህ ክርክር ቀድሞ የተጻፈ ድጋፍ አለ። ተመራማሪው ሃሪ ኸርት በሎስ አንጀለስ 900 ያህል የሞተርሳይክል አደጋዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት በተሽከርካሪ ብልሽት የደረሱት ከ3 በመቶ በታች ነበሩ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ የጎማ መበሳት ያመጣቸው ናቸው።

ቁጥሩን አከብራለሁ፤ ትርጉሙ ግን በአንድ ወገን አያልቅም። ጨርሶ የተበጠሰ ነገር አደጋው በደረሰበት ቦታ ይገኛል፤ የደከመ ፍሬን ግን ራሱን ይደብቃል። ሁለት ሜትር ዘግይቶ የቆመ ሞተረኛ በመዝገብ ላይ «ርቀቱን ያልጠበቀ» ተብሎ ይጻፋል። የማሽኑ ድካም የሰው ጥፋት ሆኖ ይመዘገባል። ደግሞም የዚያ ዘመን ሎስ አንጀለስና የዛሬው ጅቡቲ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ከባድ መኪኖች በሚሰለፉበት በፒኬ 12 አጠገብ በአሮጌ ሞተርሳይክል የሚሾልክ ሰው ያለበት መንገድ፣ አንድ አይደሉም።

ከዚህም በላይ ምርመራው ለማን እንደተደነገገ ማስተዋል ያሻል። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየጊዜው እንዲመረመር ሲያዝ፣ የቦሎ ልማዳችንም በዚህ ላይ ሲቆም፣ የገዢን ገንዘብ ለማስጣል አይደለም። የሚጠበቀው መንገድ ላይ ያለው ሌላው ሰው ነው፤ ወረቀቱን አይቶት የማያውቅ፣ በዋጋው ያልተደራደረ እግረኛ። ለእሱ ዝቅተኛው መስፈርት እንኳ ትልቅ ነገር ነው፤ የማይበራ መብራትና የማይዝ ፍሬን ከፊቱ እንዲወገድለት ብቻ ይፈልጋል። ገዢው ግን ሌላ ነገር ይሻል፤ ማሽኑ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲያገለግለው። ለአንዱ የተሰፋው ልክ ለሌላው አጭር ቢሆን አያስደንቅም።

ይህ ሲገባን ወረቀቱን መናቅም ማምለክም ይቀራል። አንድ ምስክር ቢሳሳት ወይም ቢያዳላ፣ በተለያየ ጊዜ የመሰከሩ ብዙዎች ሲገጥሙ ነገሩ ይጠነክራል። በእንግሊዝ ማንም ሰው የሰሌዳ ቁጥር አስገብቶ የተሽከርካሪውን የቀድሞ ምርመራዎች፣ የወደቀበትን ምክንያትና የተመዘገበውን ኪሎ ሜትር ማንበብ ይችላል። እንዲህ ያለ መዝገብ በእጁ የሌለው ገዢ ያለፉትን ዓመታት ወረቀቶችና የጋራዥ ደረሰኞች ይጠይቅ፤ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ኩሽኔታው መቼ እንደተፈታ ያጣራ፤ የራሱን መካኒክ ይዞ ይሂድ። ዋስ ግን ከማንም አያገኝም። ቁልፉን በተቀበለበት ሰዓት ለማሽኑ፣ ለእግረኛውም ጭምር፣ ዋስ የሚሆነው ራሱ ገዢው ነው።