የሚሰምጠው መሬትና የይስሐቅ ጉድጓዶች



እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በፊሊፒንስ አገር፣ በማሎሎስ ከተማ በሚገኘው የባራሶአይን ቤተ ክርስቲያን፣ ሙሽሮች የጎርፍ ውኃ እየረገጡ ወደ መሠዊያው ቀርበው ምሥጢረ ተክሊልን ተቀበሉ። የሙሽሪት ነጭ ቀሚስ ዘርፍ ከኋላዋ በውኃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ጽናታቸውን አደነቀ፤ እኛም አድንቀናል። ነገር ግን በአድናቆት ብቻ ማለፍ አልሆነልንም። እ.ኤ.አ. በ1898 የፊሊፒንስ ሕዝብ ወኪሎች ሕገ መንግሥት ለመጻፍ የተሰበሰቡበት ይህ የከበረ ቤት እንዴት ውኃ ገባው?

የዚያን ሰሞን ውኃ ያመጡት ማዕበልና የክረምት ዝናብ ናቸው። ሆኖም ማሎሎስ በምትገኝበት በቡላካን አውራጃ፣ ከማኒላ ባሕረ ሰላጤ በስተ ሰሜን ባለው ዝቅተኛ ምድር፣ ውኃው በቀላሉ የማይሸሽበት ሌላ ምክንያት አለ። ባሕሩ ከፍ ይላል፤ መሬቱም ይሰምጣል። የዓለም ባሕር ከ1900 ወዲህ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ በአሁኑ ጊዜም በየዓመቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ኬልቪን ሮዶልፎና ፈርናንዶ ሲሪንጋን የተባሉ የሥነ ምድር ሊቃውንት ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ፣ በዚያ አካባቢ መሬቱ የሚወርደው በዓመት በሴንቲ ሜትር በሚቆጠር መጠን መሆኑን፣ ዋናው ምክንያትም ከከርሰ ምድር ከልክ በላይ የሚሳበው ውኃ መሆኑን አስረዱ። ወንዞች ባነጠፉት ጭቃ ቅንጣቶች መካከል ያለው ውኃ የላይኛውን ክብደት ይሸከማል። ውኃው ሲወጣ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፤ ቤቱም፣ መንገዱም፣ የመቃብሩ ስፍራም አብረው ይወርዳሉ።

እንግዲህ የሕሊና ምርመራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባሕሩን ከፍ ያደረገው በአመዛኙ የሩቅና የባለጸጋ አገሮች ጭስ ነው፤ በዚህ ላይ የቡላካን ዓሣ አጥማጅ ዕዳው ጥቂት ነው። መሬቱን ያሰመጠው ግን የአገሩ እጅ ነው። ይህን ስንል በድኻው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ቧንቧ ያልደረሰለት ሰው ጉድጓድ ባይቆፍር ልጆቹን ምን ያጠጣ? እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 በጻፉት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ማግኘት የሰው ልጅ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስተምረዋል። ድኻው በባልዲ ሲቀዳ ፋብሪካው፣ የዓሣ ማርቢያው ኩሬና አዲሱ የመኖሪያ መንደር ግን በሞተር ይስባሉ።

ይስሐቅ በጌራራ ሸለቆ ጉድጓድ ባስቆፈረ ጊዜ እረኞች ተጣሉት፤ ስሙንም ዔሴቅ አለው። ሁለተኛውን ቢያስቆፍር እንደገና ተጣሉት፤ ስጥና አለው። በሦስተኛው ግን ጠብ አልነበረምና ርሖቦት ብሎ ሰየመው፤ ስፋት አግኝቶ ነበርና። ይስሐቅ የሚሄድበት ሦስተኛ ስፍራ ነበረው። በባሕረ ሰላጤው ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ግን ሦስተኛው ስፍራ የት ነው? የጉድጓዱ አፍ ቢበዛም ከታች ያለው ውኃ አንድ ነው።

ሕዝቡ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ወለሉን ይደለድላል፣ ቤቱን በቀርከሃ ምሰሶ ላይ ያቆማል። መንገዱም ከፍ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ግን ወለሉን ለመደልደል አቅም ያነሰው ጎረቤት ቤቱ ከመንገዱ በታች ይቀርና ኩሬ ይሆንበታል። ማዕበል ይመክቱ የነበሩት፣ ማንግሮቭ የሚባሉት በጨው ውኃ የሚበቅሉ ዛፎች ለዓሣ ኩሬ ሲባል ተመንጥረዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ታየ፤ በዚሁ አውራጃ በባሊዋግ ከተማ 55 ሚሊዮን ፔሶ ወጥቶበት ተጠናቀቀ የተባለውን የወንዝ ግንብ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሄደው ቢፈልጉት በቦታው አልነበረም። አትስረቅ የሚለው ትእዛዝ እንዲህ ባለ ቦታ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። በመስከረም ወር ምእመናን ከካህናትና ከደናግል ጋር በማኒላ አደባባይ ወጥተው ስለዚሁ ጮኹ፤ መልካም አደረጉ እንላለን።

ታዲያ መድኃኒት የለውምን? በጃፓን፣ በቶኪዮ ከተማ፣ ዝቅተኛው ሠፈር በአንዳንድ ቦታ ከ4 ሜትር በላይ ሰምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በወጡ ሕጎች ፋብሪካዎችና ሕንፃዎች የከርሰ ምድር ውኃ እንዳይስቡ ተገቱ፤ ሌላ ውኃም ቀረበላቸው፤ ከዚያ በኋላ መስመጡ ቆመ ለማለት ይቻላል። የሰመጠው ግን አልተመለሰም፤ የተጠጋጋ ጭቃ እንደገና አይነፋም። ሠፈሩ እስከ ዛሬ ከባሕር በታች ሆኖ በግንብና በውኃ መሳቢያ ይጠበቃል። እኛ ካቶሊኮች ይህን ከምሥጢረ ንስሐ እናውቀዋለን፤ ኃጢአት ይሠረያል፣ ካሣው ግን ይቀራል፤ ካሣውም የዕድሜ ልክ ሥራ ሊሆን ይችላል።

እኛ በደጋ የምንኖር ነንና ይህ የሩቅ ወሬ ሊመስለን ይችላል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በብዙ የገጠር ቦታዎች ጉድጓድ አስቆፍራለች። የየቁምስናው የውኃ ኮሚቴዎች በክረምት መውጫና በበጋ ማብቂያ ላይ ውኃው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ በገመድ እየለኩ በአንድ ደብተር እንዲመዘግቡ፣ ደብተሩንም ለምእመናን እንዲያሳዩ አደራ እንላለን። ገመዱና ደብተሩ ብዙ ወጪ አይጠይቁም።