ተክሎ መሄድና ተክሎ መጠበቅ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የከተማ ቁምስና ግቢ ውስጥ በሐምሌ ዝናብ ችግኝ ተክለን ነበር። መዝሙር ተዘመረ፥ ጸሎት ተደረገ፤ ችግኞቹንም የባረክሁ እኔ ነበርሁ። በየካቲት ወር ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ግቢ ስመለስ ግን የደረቀ እንጨት ጠበቀኝ። አንዳንዱ ችግኝ ከነላስቲኩ ተቀብሮ ሥሩን የሚዘረጋበት አጥቶ ነበር። የተረፈችው አንዲት ወይራ ብቻ ነበረች። እርስዋንም ያቆያት የግቢው ዘበኛ ነው፤ ማንም ሳያዝዘው በየማለዳው ፊቱን የታጠበበትን ውኃ ከሥርዋ ያፈስስላት ነበር። ያን ዕለት ኅሊናዬ ወቀሰኝ፤ እኔ ባርኬ ሄድሁ፥ እርሱ ግን ጠበቀ።

ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ቁጥር 15 እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው ለሁለት ሥራ መሆኑን ያስተምረናል፤ አንዱ ማልማት፥ ሁለተኛውም መጠበቅ ነው። እኛ የመጀመሪያውን በአንድ ቀን እንፈጽማለን፤ ሁለተኛውን ግን እንዘነጋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በሀገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ገልጿል። የሕዝቡ ትጋት የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ችግኝ ዛፍ የሚሆነው በተቈጠረበት ቀን ሳይሆን በጋውን ሲሻገር ነው።

የምንተክለውንም ማወቅ ይገባናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የመጣው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ታድጓታል፤ ድኻም ቤቱን የሚሠራበት እንጨት ነውና አንራገመውም። ነገር ግን ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ሥር ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም፤ ደረቅ ፍሬውም ለወፍ ምግብ አይሆንም። የወይራ፥ የዋንዛና የዋርካ ፍሬ ግን ለአእዋፍ ማዕድ ነው፤ የብሳና አበባ ለንብ ቀለብ ነው፤ የሬት አበባ በፈነዳ ጊዜም ምንቃርዋ የረዘመ ትንሽ ወፍ ልትቀስመው ትመጣለች። ሀገር በቀሉን ዛፍ የተከለ ሰው ለእነዚህ ሁሉ ቤት ሠራ ማለት ነው።

«ሰው በተቸገረበት ከተማ ስለ ወፍ ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ጌታችን ግን በጥቂት ሳንቲም የምትሸጠው ድንቢጥ እንኳ በአብ ዘንድ እንዳልተረሳች አስተምሮናል። መዝሙረኛውም ወፍ በመሠዊያው አጠገብ ጎጆ ማግኘትዋን አይቶ ለራሱ ያንኑ ተመኝቷል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የምድርን ጩኸትና የድኾችን ጩኸት ለያይተን እንዳንሰማ አሳስበውናል። እውነት ነው፤ የራሱ አጸድ የሌለው ድኻ ከፀሐይ የሚጠለልበት የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሲቈረጥ ከወፎቹ ጋር እርሱም ይሰደዳል።

በዚህ ረገድ ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችን የምንማረው አለ። በጎንደርና በጎጃም ዙሪያው ሁሉ እርሻ በሆነበት ስፍራ፥ ጥዱና ወይራው በአብዛኛው ተርፎ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። የእኛስ የከተማ ግቢዎች? አዳራሽ ለማስፋት አሮጌውን ዛፍ ከመጣላችን በፊት ንድፉን ጥቂት ማዞር ይቻል እንደሆነ እንጠይቅ። ግቢውን ሁሉ በሲሚንቶ ከመሸፈን ከአጥሩ ሥር ለሣርና ለአበባ የሚሆን አፈር እንተው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ ለእናንተ ልዩ አደራ አለኝ። በየክፍላችሁ ላሉት ልጆች ለሁለት ወይም ለሦስት ልጅ አንድ ችግኝ አስረክቡ፤ ላስቲኩን ቀድደው እንዲተክሉ፥ ከፍየልም እንዲያጥሩ አሳዩአቸው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ በየሰንበቱ ከትምህርት በፊት ውኃ ያጠጡ። ወንጭፍ የያዘውንም ልጅ ከመቈጣት ይልቅ ጎጆ እንዲጠብቅ ሹሙት፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ጠባቂ እርሱ ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያን ለፍጥረት የምትጸልይበት ወቅት ከነሐሴ 26 ቀን ጀምሮ እስከ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በዓል፥ መስከረም 24 ቀን ድረስ ነው። በእኛ ሀገር ይህ ወቅት ክረምቱ የሚወጣበት፥ አደይ አበባ የሚፈነዳበት ነው። ዝናቡ ሲያቆም የእግዚአብሔር ውኃ ማጠጣት አብቅቶ የእኛ ተራ ይጀምራል። ስለዚህ ጸሎታችን በመስከረም 24 አይፈጸም፤ በየካቲት ፀሐይም በእጃችን ባለው አንድ ጣሳ ውኃ ይቀጥል።

ያቺ ወይራ ዛሬ ከአጥሩ በላይ ሆናለች፤ ፍሬዋንም ወፎች ይለቅሙታል። የፍጥረት ሁሉ ጌታ እንደዚያ ዘበኛ በጥቂቱ የታመንን ያድርገን። አሜን።