ሥራውን መውደድ፣ ሠሪውን መናቅ



ሰው የእጅ ሥራን እያደነቀ ሠሪውን ሊንቅ ይችላልን? በሕሊና ሚዛን ሲታይ የማይሆን ይመስላል፤ ሥራ የሠሪው የሐሳብና የድካም ፍሬ ነውና ፍሬውን ያመሰገነ ዛፉን ሊረግም አይገባውም። በኑሯችን ግን ይህ የማይሆን የሚመስለው ነገር ለዘመናት ሲሆን ኖሯል። ሸክላ ሠሪዋ ባበጀችው ድስት ወጥ ሠርተን በላን፤ እርሷን ግን ከማዕዳችን አራቅናት። ባለ እጁ በቀጠቀጠው ማረሻ አረስን፤ እርሱን ግን «ቡዳ» አልነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያዎችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ይመሰክራል፤ ያልተለመደ ነገር በዐዋጅ አይከለከልምና።

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ያለችው ወለቃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በሸክላና በብረት ሥራቸው የታወቁ ነበሩ፤ ሴቶቹ ያበጇቸው የነበሩትን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ጎብኚው ሁሉ ይገዛ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ከእነርሱም መሄድ በኋላ በመንደሪቱ ተመሳሳይ ምስሎች በስማቸው ሲሸጡ ኖረዋል። ሰዎቹ በነበሩ ጊዜ መነቀፊያ የነበረው ስም፣ ሰዎቹ ሲሄዱ ገበያ ሆነ።

አሁን ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ እንውረድ። የዞኑ ከተማ ገንዳ ውሃ ናት፤ ከእርሷ ወደ ሱዳን ድንበር ሲወረድ መተማ ዮሐንስ ይገኛል። ቦታው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበት ስለ ሆነ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ነገር ግን በዚያው በ19ኛው ምዕት ዓመት መተማ ከቡና፣ ከሰምና ከጥጥ ጋር ሰውም የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ እንደ ነበረ የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። በቆላው የሚኖሩት ጉሙዞች ለብዙ ዘመን በባሪያ ፈንጋዮች ታድነዋል። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ተሻረ፤ በቆዳቸው ጥቁረት ምክንያት የተለጠፈባቸው የስድብ ስም ግን ከዐዋጁ በኋላም ከአንደበታችን አልጠፋም።

እንግዲህ በዚህ ምድር ስለ ዘርና ስለ ፍትሕ የሚናገር ዐውደ ርእይ ይዘጋጅ ቢባል፣ ሊያዘጋጀው የሚገባው ማን ነው? በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው፣ ጥበብ ስለ ነጻነት በታላቅ ድምፅ መናገር እንደሚችል አሳይቷል። በዚያ ግን ቀንበሩ በአመዛኙ የቅኝ ገዥ ቀንበር ነው። በመተማ ግን ሻጩም ተሻጩም የአንድ ምድር ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ ይከብዳል።

«በመተከል ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. ከጉሙዙም ከአማራውም ከአገውም ወገን ብዙ ደም ፈስሶ ሳለ፣ የቆየ ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሰላም ጥያቄ ነውና በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ሆኖም ዝምታ ሁሉ ሰላም አይደለም። ያልታጠበ ቁስል ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያድንም። ደግሞም ዛሬ በሕይወት ያለን ሰዎች በመተማ ገበያ ማንንም አልሸጥንምና በዚያ ኃጢአት አንከሰስም፤ የወረስነውን የስድብ ስም ለልጆቻችን ብናወርስ ግን የምንጠየቀው በራሳችን ሥራ ነው።

ስለዚህ ፍትሕ ለእንዲህ ያለው ዐውደ ርእይ ሦስት ነገር ታዝዛለች። የመጀመሪያው ስም ነው። በዳርፉር ተወልዳ በሱዳን ገበያዎች የተሸጠችው ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ከደረሰባት መከራ የተነሣ ረስታ፣ ፈንጋዮቿ በሰጧት ስም ቀረች። ባርነት አስቀድሞ የሚነጥቀው ስምን ከሆነ፣ ፍትሕም ስምን በመመለስ ትጀምር። በቅሉ፣ በቀስቱ፣ በሸክላው አጠገብ «የጉሙዝ ሥራ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የሠራችው ሴት፣ የሠራው ሰው ፈቅደው ስማቸው ይጻፍ። ሁለተኛው ቃል ነው፤ የዕቃውን ትርጉም ባለቤቱ በራሱ ቋንቋ ይናገር፣ እኛ እንተርጉም እንጂ አንናገርለት። ሦስተኛው ዋጋ ነው፤ ለድካሙ ተገቢው ይከፈለው፤ ምስጋና ደመወዝን አይተካምና።

እነዚህ ሦስቱ ቢሟሉም የፍርዱ ቦታ አዳራሹ አይደለም። ዐውደ ርእይ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ጎብኚውም አድንቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሠሪዋ በማግሥቱ ደጃፋችን ብትደርስ ግቢ እንላታለን ወይስ ዕቃዋን ተቀብለን በር እንዘጋለን? ከአንድ ሞሰብ አብረናት ስንቆርስ ያን ጊዜ በእውነት ሥራዋን አደነቅን ማለት ይቻላል።