የመጀመሪያው ድምፅና የራስ ዳኝነት

ስለ አንድ የፕሬዝዳንትነት እጩ የሚያዝ አስተያየት ስለ ግብር መጠን ወይም ስለ መንገድ ሥራ ከሚያዝ አስተያየት ይለያል። የግብር ሐሳብ በቁጥር ይመረመራል። እጩ ግን ሰው ነው፤ የሚመዘነውም ገና ባላደረገው ነገር ነው። ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው በማይችል ጉዳይ ላይ ይህ ሰው ነገ ምን ይወስን ይሆን የሚለው ስለሚገመት፣ ፍርዱ ከዕውቀት ይልቅ አደራ ወደ መስጠት ያደላል። መራጩ ወጣት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይደረባል፤ አስተያየቱ በእርግጥ የእሱ ነው ወይስ የአባቱ፣ የመምህሩ፣ የሰባኪው?

አርስቶትል በዚህ ረገድ ለወጣት አይራራም። «የኒኮማከስ ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ ወጣት የኑሮ ልምድ ስለሌለውና በስሜቱ ስለሚመራ የፖለቲካን ትምህርት ለመከታተል አይመችም ይላል። ወዲያው ግን አንድ ነገር ያክላል፦ ጉድለቱ የዕድሜ ሳይሆን የአኗኗር ነው፤ በጠባዩ ልጅ የሆነ ጎልማሳም ከዚያው ይመደባል። ይህች ማከያ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ስትዘለልም ክርክሩ ስለ ልደት ቀን ብቻ የሆነ ይመስላል። ፕላቶም በ«ሪፐብሊክ» የክርክር ጥበብ እስከ 30 ዓመት ድረስ እንዲቆይ ያዛል። ቶሎ የቀመሱት እንደ ቡችላ ያገኙትን ሁሉ ይዘነጥላሉ፣ በመጨረሻም ምንም ነገር ማመን ያቅታቸዋል ባይ ነው።

የ20ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች ጥያቄውን ከመጽሐፍ አውጥተው ወደ ትምህርት ቤት ወሰዱት። ፍሬድ ግሪንስታይን በ1958 እ.ኤ.አ. በኒው ሄቨን ከተማ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ጠይቆ፣ ልጆቹ ምክር ቤት ምን እንደሚሠራ ከማወቃቸው ብዙ ቀደም ብሎ ፕሬዝዳንቱን እንደሚያውቁት፣ ያውም እንደ ደግ ሰው እንደሚያዩት አገኘ። ኬንት ጄኒንግስና ሪቻርድ ኒሚ ደግሞ በ1965 የአሜሪካ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችንና ወላጆቻቸውን ለየብቻ አነጋገሩ። ከወላጅ ወደ ልጅ ጎልቶ የሚተላለፈው የፓርቲ ወገንተኝነት ሆነ፤ በየጉዳዩ ላይ ያለው አቋም ግን ያን ያህል አይወረስም። ልጅ የአባቱን ክርክር ሳይሆን የአባቱን ወገን ይወርሳል ማለት ነው።

ከቤት የማይመጣው ደግሞ ከዓይን ይመጣል። ጆን አንቶናኪስና ኦላፍ ዳልጋስ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 13 ዓመት ለሆኑ የስዊዘርላንድ ልጆች የማያውቋቸውን የፈረንሳይ ፖለቲከኞች ፎቶግራፍ ጥንድ ጥንድ አድርገው አሳዩ፤ ከትሮይ ወደ ኢታካ ለሚደረግ የጨዋታ ጉዞ የመርከብ አለቃ እንዲመርጡም ጠየቋቸው። ልጆቹ አለቃ ይሁን ብለው የጠቆሙት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእውነተኛው የምክር ቤት ምርጫ ያሸነፈው ሰው ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በልጆች ላይ የሚያስቅ ቢመስልም የሚያሳፍረው ድምፅ የሰጡትን ጎልማሶች ነው። አርስቶትል ያከላት ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ ማስረጃ አገኘች።

እንግዲህ ምንጩን ብቻ ተከትሎ የሄደ ሰው፣ ማንም የራሱ የሚለው አስተያየት የለውም ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። ጥያቄውን በዚህ መንገድ ማቅረብ ግን ያሳስታል። የሁሉም ሰው ሐሳብ ከሌላ ሰው ይጀምራል፤ ቋንቋውንም ሃይማኖቱንም ያገኘው እንዲሁ ነው። ባለቤትነቱ የሚታወቀው ሐሳቡ ከየት መጣ በሚለው ሳይሆን፣ ባለቤቱ ምን ቢያይ ይለውጠዋል በሚለው ነው። ከአባቱ የወረሰውን አስተያየት የሚያጸናለትንና የሚያፈርስበትን ነገር ለይቶ የሚያውቅ ወጣት የራሱ አድርጎታል። አባቱን ለመቃወም ብቻ ተቃራኒውን የያዘ ወጣት ግን ገና በአባቱ እጅ ነው።

ምን ያህል ማስረጃ ይበቃል ለሚለው ሁለት የታወቁ መልሶች አሉ። እንግሊዛዊው ዊልያም ክሊፈርድ በ1877 ባወጣው ጽሑፍ፣ ያለ በቂ ማስረጃ ማመን የሥነ ምግባር ጥፋት ነው ሲል ተከራከረ። ምሳሌው ያረጀች መርከቡን ጥርጣሬውን አፍኖ መንገደኛ ጭኖ የሚልክ ባለንብረት ነው። መርከቧ በደኅና ብትደርስ እንኳ ሰውየው ጥፋተኛ ነው ይላል፤ ጥፋቱ በውጤቱ ሳይሆን ባመነበት መንገድ ላይ ነውና። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1896 ሲመልስ፣ ምርጫው ሕያው፣ ግድና ከባድ ሲሆን፣ ማስረጃም ሊቆርጠው ካልቻለ ልብ መወሰን ይችላል አለ። ጄምስ በዋናነት ያሰበው ስለ ሃይማኖት ነበር፤ ነገሩ ግን ለድምፅ ሳጥንም ይሠራል። የምርጫው ቀን ተቆርጧል፤ ማስረጃው እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ሳያውቀው ሌሎች እንዲወስኑለት ፈቅዷል። ይሁን እንጂ የጄምስ ፈቃድ የሚጀምረው ማስረጃ ከሚያልቅበት ነው። ስለ አንድ እጩ ደግሞ ሊገኝ የሚችል ማስረጃ ጥቂት አይደለም፤ በምክር ቤት የሰጠው ድምፅ፣ የፈረመው ሕግ፣ ቃሉን የበላበት ቀን ተመዝግቧል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ተጨምቆ የታየው በ1960 እ.ኤ.አ. መኸር በጆርጂያ ግዛት በአትላንታ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ በአብዛኛው አሜሪካ የመምረጫ ዕድሜ 21 ነበር። ጆርጂያ ግን ከ1943 ጀምሮ ወደ 18 ዝቅ አድርጋዋለች፤ በ1960 በ18 ዓመት ድምፅ መስጠት የሚቻለው በጆርጂያና በኬንታኪ ብቻ ነበር። የሚገርመው፣ ለወጣት በሯን ቀድማ የከፈተችው ጆርጂያ ጥቁሮች በመራጭነት እንዳይመዘገቡ በልዩ ልዩ ዘዴ ከሚያስቸግሩት ግዛቶች አንዷ መሆኗ ነው።

በከተማዋ የምትማርና መመዝገብ የቻለች፣ የባፕቲስት ቤተሰብ ልጅ የሆነች አንዲት የ18 ዓመት ጥቁር ተማሪ ብትታሰብ፣ በፊቷ የነበረው ነገር ቀላል አልነበረም። በብዙ ጥቁር ቤተሰቦች ሪፐብሊካን የሊንከን ፓርቲ ተብሎ ሲወደድ ኖሯል፤ ዴሞክራት ደግሞ በደቡቡ የዘር መለያየትን የሚያስጠብቀው ፓርቲ ነበር። የሪፐብሊካኑ እጩ ሪቻርድ ኒክሰን የ1957ቱን የሲቪል መብት ሕግ ደግፈዋል። በዚያው ዓመት ወደ አፍሪካ ባደረጉት ጉዞ ጋና ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግን አግኝተዋል፤ ጉዟቸው ኢትዮጵያንም ያካተተ ነበር። የዴሞክራቱ እጩ ሴናተር ጆን ኬኔዲ ግን ያን ሕግ ያላላውን የዳኞች ሸንጎ ማሻሻያ ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። በዚህ ላይ ካቶሊክ ናቸው፤ በብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ይህ ብቻውን ላለመመረጥ ይበቃ ነበር።

ጥቅምት 19 ቀን እ.ኤ.አ. ኪንግ ከተማሪዎች ጋር በአንድ ትልቅ መደብር ለጥቁር በማይፈቀድ የምግብ ቤት ተቀምጠው ታሰሩ። ተማሪዎቹ ሲለቀቁ እሳቸው ቀደም ሲል በነበረ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ሰበብ አራት ወር ከባድ ሥራ ተፈርዶባቸው ወደ ሪድስቪል ወህኒ ተወሰዱ። ኬኔዲ ነፍሰ ጡር ለነበሩት ለኪንግ ባለቤት ለኮሬታ ስልክ ደውለው አጽናኑ፤ ወንድማቸው ሮበርት ደግሞ ለዳኛው ደወሉ። ኒክሰን በአደባባይ አልተናገሩም። ኪንግ በዋስ ሲወጡ፣ አባታቸው መጋቢ ኪንግ በሃይማኖቱ ምክንያት ኬኔዲን ላለመምረጥ አስበው እንደነበር፣ አሁን ግን እንደሚመርጧቸው በግልጽ ተናገሩ። ኬኔዲ ይህን ሲሰሙ የኪንግ አባት በሌላው ሃይማኖት ላይ ይህን ያህል ጭፍን መሆናቸው ቢያስደንቃቸውም፣ ሁላችንም አባት አለን አይደል በሚል ቀልድ አለፉት። የራሳቸውም አባት አነጋጋሪ ሰው ነበሩና ቀልዱ ባዶ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሁለቱ የመጋቢ ኪንግ ምክንያቶች ጎን ለጎን ሊታዩ ይገባል። የመጀመሪያው ኬኔዲ ምንም ቢያደርጉ የማይለወጥ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ባይደውሉ ኖሮ የማይኖር ነበር። በዚህ መለኪያ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰው ስለ እጩው እውነተኛ አስተያየት የያዙት በዚያ ሳምንት ነው። ነገር ግን ክሊፈርድ ቢጠየቅ አይረካም። ስልኩ የአጭር ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ሐሳቡም የመጣው ከምርጫ ዘመቻው ሰዎች ነው። ዘመቻው ወሬውን በሰማያዊ ወረቀት አሳትሞ ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት በር ላይ አስበተነ። ያን ወረቀት ተቀብላ ሐሳቧን የለወጠችው ተማሪና የ1957ቱን ሕግ አስታውሳ ከኒክሰን ጋር የጸናችው ተማሪ ቢከራከሩ፣ በማስረጃ የምትበልጠው ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋ የያዘችው ግን ሌላ ነገር ነው፤ መናገር ዋጋ በሚያስከፍልበት ሰዓት ማን እንደ ተናገረና ማን ዝም እንዳለ አይታለች። አደራ ለሚሰጥ ሰው ይህም ማስረጃ ነው።

የሃይማኖቱ ጥያቄ ራሱ ሁልጊዜ ጭፍንነት ነው ማለት አይቻልም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለሹመት የሃይማኖት መፈተኛ እንዳይኖር የሚከለክለው መንግሥትን ነው፤ የመራጩን ኅሊና አይገዛም። አማኝ የሆነ ወጣት የእጩውን እምነት ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ የሚሆነው፣ እምነቱ በሥልጣኑ ላይ ምን ያደርጋል ብሎ ሲጠይቅ ነው። ኬኔዲ መስከረም 12 ቀን እ.ኤ.አ. በሂውስተን ለፕሮቴስታንት መጋቢዎች የመለሱት ይህንኑ ነበር፤ ኅሊናቸውና የአገር ጥቅም የማይታረቁበት ጊዜ ከመጣ ሥልጣን እንደሚለቁ ተናገሩ። እንዲህ ያለ መልስ ሊያሳምንም ላያሳምንም ይችላል፤ ሊመረመር ግን ይችላል። ካቶሊክ ነውና አይሆንም የሚለው ግን ለምርመራ ቦታ የለውም።

በኢትዮጵያ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሆነ፣ ወጣቱ እንዲህ ያለ ፍርድ በቀጥታ አይጠየቅም። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ግን ይጠየቃሉ፤ አንዳንዴም ተገላቢጦሽ ሆኖ። ግሪን ካርድ የያዙት እናትና አባት አይመርጡም፤ እዚያ የተወለደችው የ18 ዓመት ልጃቸው ትመርጣለች። ከወላጆቿ የምትወርሰው የፓርቲ ወገን ላይኖር ይችላል። በምትኩ ስለ ሥልጣን ያላቸውን ጥርጣሬ ወይም ዝምታ ትወርሳለች፤ ይህን ደግሞ ፓርቲ ለይቶ የጠየቀ መጠይቅ አይይዘውም።

የ1960ው ምርጫ ከ68 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶበት ኬኔዲ ሲያሸንፉ በጠቅላላው የሕዝብ ድምፅ ልዩነቱ ከ120 ሺህ በታች ሆነ። የተማሪዋ አስተያየት ግን በዚያ ቀን አልተዘጋም። ኬኔዲ በዘመቻው ወቅት በመንግሥት ድጋፍ በሚሠሩ ቤቶች ያለውን የዘር አድልዎ ፕሬዝዳንት በአንድ የብዕር ጭረት ሊያስቀረው እንደሚችል ተናግረው ነበር። ሥልጣን ይዘው ፊርማው ሲዘገይ፣ የመብት ተሟጋቾች ምናልባት ብዕር አጥተው ይሆናል በማለት ወደ ዋይት ሐውስ ብዕርና ቀለም በፖስታ ይልኩ ጀመር። ትእዛዙ የተፈረመው ኅዳር 20 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰፊው የሲቪል መብት ረቂቅ ለምክር ቤት የተላከው በ1963 ሰኔ ነው። በ18 ዓመቷ በአንድ ስልክ ተማርካ የመረጠችው ተማሪ በዚያን ጊዜ 20ና 21 ዓመት ሆኗታል፤ ክሊፈርድ የጠየቃትን ማስረጃም መሰብሰብ የቻለችው ያኔ ነው።